ሙቀጫው ሲቆም፦ ሙዚቃ የተማረ ሰው ፊልም እንዴት ይቆርጣል?

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ልጅ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ዝናብ እየመታው እቤቴ መጣ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚነሳበት አካባቢ። ልጁ አንዲት ጎረቤታችንን ኮንዶሚኒየሙ ሥር ቁጭ ብለው ቡና ሲወቅጡ ቀርጿቸዋል። ቆራርጦ የአራት ደቂቃ ፊልም አድርጎታል።

«ጋሼ፣ ሁሉም ነገር አለው፤ ግን ሰው አይዝም» አለኝ።

አየሁለት። ምስሉ ያምራል። እጃቸው፣ ዘነዘናው፣ የከሰሉ ጭስ፣ ከጀርባ ያላለቀው ፎቅ። ችግሩ ግን ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ታወቀኝ። ልጁ ዘነዘናው ሙቀጫውን በመታ ቁጥር ቆርጧል። ዱም፣ ሌላ ምስል። ዱም፣ ሌላ ምስል። አንደኛው ደቂቃ ላይ ዓይኔ ደከመ።

«ምቱን ጠብቄ እኮ ነው የቆረጥኩት» አለ።

እውነቱን ነው፤ አንድም ምት አልሳተም። ሙዚቃ የሚያውቅ ኤዲተር ማለት ምት ላይ የሚቆርጥ ኤዲተር ማለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ እየመታሁ፣ ቤት ክራር እየነካካሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። አሁን የምተዳደረው የሠርግ ቪዲዮ፣ ክሊፕና አጫጭር ዘጋቢ ፊልም ኤዲት በማድረግ ነው። ከሙዚቃ ወደ ኤዲቲንግ ይዤው የመጣሁት ትልቁ ነገር ምት መቁጠር አይደለም፤ መጠበቅን ነው። ሰሚው ቀጥሎ የሚመጣውን መቼ እንደሚገምት ማወቅ። ግምቱን መቼ እንደምሞላለት፣ መቼ ደግሞ ትንሽ እንደማቆየው ማወቅ። ለልጁ ያን ዕለት ያስረዳሁትን እዚህም ልጻፈው፤ ሥራው ውስጥ ላልገባ ሰውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንጨርስ። ፊልም ተከታታይ ፎቶ ነው። አንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። ሲኒማ ቤት የሚታይ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም አለው። በእኛ አገር ቴሌቪዥን የለመድነው 25 ነው። በ25 ከሠራን አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል ማለት ነው። ኤዲተሩ የሚወስነው አንድ ምስል ስንተኛው ፍሬም ላይ እንደሚያልቅና ቀጣዩ ስንተኛው ላይ እንደሚጀምር ነው። ሲሉት ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን እንቅልፍ ይነሳል።

የሙዚቃ ፍጥነት ደግሞ በደቂቃ ስንት ምት እንዳለው ይለካል። በደቂቃ 100 ምት ያለው ዘፈን አንዱ ምት 0.6 ሰከንድ ነው፤ በ25 ሲባዛ ልክ 15 ፍሬም። ፕሮጀክቱ በ24 ከሆነ ግን 14.4 ይመጣል። ፍሬም ደግሞ ለሁለት አይከፈልም። በየምቱ 14 ፍሬም እያልክ ብትሄድ አሥረኛው ምት ላይ አራት ፍሬም ቀድመህ ትገኛለህ። ካልኩሌተር የያዘ ሰው እዚህ ጋ ይጨናነቃል። ከበሮ የመታ ሰው ግን ቁጥሩን ትቶ በጆሮው ያስተካክለዋል። ከበሮ ስትመታ ከዘማሪው ጋር መቅረትና መቅደም ምን እንደሚመስል እጅህ ያውቀዋልና።

የጎረቤታችን ሙቀጫ በደቂቃ 75 ጊዜ ያህል ይመታ ነበር። ስለዚህ የልጁ ፊልም በየ20 ፍሬሙ ይቆረጣል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ 20፣ 20፣ 20። ተመልካቹ አምስተኛው ላይ ስድስተኛው መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። ካወቀ ደግሞ ልቡ ይሄዳል።

አሁን የእኛን ችክችካ አስቡት። ሙዚቃ የተማሩ ሰዎች ስድስት ስምንተኛ የሚሉት ምት ነው። ደስ የሚለው ነገር ስድስት ለሁለትም ለሦስትም ይከፈላል። ያንኑ ዘፈን «አንድ ሁለት» ብለህ በእግርህ ልትመታው ትችላለህ፤ «አንድ ሁለት ሦስት» ብለህም ልታጨበጭብለት ትችላለህ። ሁለቱም ልክ ነው። ሠርግ ቤት አንዱ ትከሻውን ሲሰብቅ ሌላው በሌላ ቁጥር ሲያጨበጭብ አይታችኋል፤ አይጋጩም።

ይሄ ታይምላይን ላይ፣ ማለትም ኤዲተሩ ምስልና ድምፅ የሚደረድርበት መስመር ላይ ሲመጣ ትልቅ ነፃነት ነው። ምቱ 15 ፍሬም ከሆነ ሁለት ምት 30 ፍሬም ነው። 30ውን 15 እና 15 አድርጌ ልቆርጠው እችላለሁ። ወይም 10፣ 10፣ 10። ሙዚቃው አልተለወጠም፤ ፍጥነቱም ያው ነው። ምስሉ ግን ድንገት ሌላ ጭፈራ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ በክሊፕ ውስጥ ሦስቱን 10 አስገብቼ ወደ 15 ስመለስ፣ አብሮኝ የሚያይ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ፈገግ ሲል አየሁት። ኤዲቲንግ ላይ ከዚህ የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር ጥቂት ነው።

ይህ የምት ጉዳይ በፊልም ዓለምም የቆየ ነው። ሩሲያዊው ሰርጌይ አይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ1929 የኤዲቲንግ ዓይነቶችን በአምስት ሲከፍል ስማቸውን በብዛት የወሰደው ከሙዚቃ ነው። የመጀመሪያው ምስሉ ውስጥ ያለው ምንም ይሁን ምን ርዝመቱን እንደ ዘፈን ምት እየለካ የሚቆርጥ ነው። የእኛ ልጅ ሳያውቀው የሠራው ይሄን ነው። ሁለተኛው ግን ምስሉ ውስጥ ያለውንም እንቅስቃሴ ይቆጥራል። ልዩነቱን ለማየት ከቤቴ በረንዳ መቆም ይበቃል። አንድ አይሱዙ አሸዋ ጭኖ ሲያልፍ ለሁለት ሰከንድ ቅረጽ። ከዚያ አጥር ሥር የቆመ አህያ ለሁለት ሰከንድ ቅረጽ። ሰዓቱ አንድ ነው፤ ስሜቱ ግን በፍጹም አይገናኝም። አይሱዙው ሁለት ሰከንድ ይበዛበታል፤ አህያው ሁለት ሰከንድ አይበቃውም። አህያውን ለማየት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጆሮው እስኪንቀሳቀስ።

የአይዘንስታይን ዘመነኛ የነበረው ዚጋ ቬርቶቭም ካሜራ ከማወቁ በፊት በወጣትነቱ ቢያሊስቶክ ከተማ ሙዚቃ ተምሯል። በእኛ ዘመን ደግሞ አሜሪካዊው ዴሚየን ሻዜል ሁለተኛ ደረጃ ሲማር በትምህርት ቤቱ የጃዝ ባንድ ድራም ይመታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ አንድ ድራም ተማሪ የሠራው ፊልም ኤዲተሩን ቶም ክሮስን ኦስካር አሸልሟል። ሰዎቹ ሩቅ ናቸው፤ ነገሩ ግን ሩቅ አይደለም። እኔ ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከአዝማሪና ከቤተ ክርስቲያን ነው።

አዝማሪ ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ። አዝማሪው የመጀመሪያውን ስንኝ ያወርዳል። ሁለተኛውን ይደፋል። ከዚያ አይቀጥልም። ማሲንቆውን ይገዘግዛል። ለምን? ሰሙን ሰምተናል፤ ወርቁ ገና አልገባንም። ያቺ ማሲንቆ ብቻዋን የምትጫወትባት ጊዜ ለእኛ የተሰጠች ናት። መጀመሪያ አንዱ ጥግ ያለ ሰው ይስቃል። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። አዝማሪው የቤቱን ሳቅ ሰምቶ ነው ቀጣዩን ግጥም የሚጀምረው። ቸኩሎ ቢቀጥል ወርቁ ባከነ። በጣም ቢዘገይ ደግሞ ቤቱ ይቀዘቅዛል።

ፊልም ውስጥ ይሄው ነው። አንድ ሰው ከባድ ነገር ይናገራል። «ልጄ ከሄደ ስድስት ዓመቱ» ይላል እንበል። ብዙ ጀማሪ ኤዲተር ቃሉ እንዳለቀ ይቆርጣል፤ ንግግሩ አልቋላ። ተመልካቹ ግን ገና አልደረሰበትም። ፊቱን ማየት ይፈልጋል። ዓይኑ ወዴት እንደሄደ ማየት ይፈልጋል። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ማሲንቆውን አስባለሁ። ስንት ሰከንድ ይቆይ የሚል ሕግ የለም። ወርቁ እስኪገባ ነው።

ከሁሉ በላይ የቀረጸኝ ግን የቤተ ክርስቲያኑ የዝማሬ ሥርዓት፣ አቋቋም ነው። በዓል ሲሆን ሊቃውንቱ ዜማውን በቁም ይጀምሩታል፤ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጸናጽል። ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ መረግድ፤ ከበሮና ጸናጽሉ ይገባሉ። መጨረሻ ላይ ጽፋት፤ ጭብጨባው ይነሳል፣ ሁሉም ይፈጥናል፣ ሴቱ እልል ይላል። ልጅ ሆኜ እግሬን እየቀያየርኩ ቆሜ የምጠብቀው ጽፋቱን ነበር። ቁሙ ይረዝምብኝ ነበር።

አንድ ቀን አርፍጄ ሄድኩና ልክ ጽፋቱ ላይ ደረስኩ። ከበሮው ያው ነው። ጭብጨባው ያው ነው። ግን ምንም አልተሰማኝም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ዝም ብዬ ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም። የገባኝ ዓመታት ካለፉ በኋላ ኤዲቲንግ ስጀምር ነው። ጽፋት ፈጣን የሚሆነው ከቁም ተነስቶ ሲመጣ ነው። ፍጥነት ብቻውን የለም፤ ከምን ተነስቶ ነው የሚለው ነው ያለው።

ስለዚህ አንድ ፊልም ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቁሙ የት ነው?» ብዬ ነው። የትኛው ቦታ ላይ ተመልካቹን አቁሜ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ብዙ ከት (ያለ ብዙ መቁረጥ)፣ ድምፅና ፊት ብቻ አስይዤ ልጀምር? ያ ከተገኘ የኋላው ሩጫ ራሱ ይመጣል። ከመጀመሪያው ሴኮንድ ጀምሮ የሚሮጥ ፊልም መድረሻ የለውም። አሁን አሁን ስልክ ላይ የምናያቸው ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ጽፋት ብቻ ሆነዋል፤ ይሄ ያሳዝነኛል።

ሌላው ከመዝሙርና ከዘፈን የወሰድኩት አውጪና ተቀባይ ነው። ጥሩ ተቀባይ አውጪው ጨርሶ ዝም እስኪል አይጠብቅም። የመጨረሻዋ ፊደል ላይ ይገባል። በዚያች መደራረብ ውስጥ ነው ሙቀቱ ያለው። ኤዲተሮች ጄ ከት የሚሉት ይሄንኑ ነው። የቀጣዩ ቦታ ድምፅ ከምስሉ በፊት ይገባል። ሴትዮዋ ሳሎን ተቀምጣ እያየናት ነው፤ የታክሲ ረዳት ጥሪ መሰማት ይጀምራል፤ ከዚያ መናኸሪያው ይታያል። በተቃራኒው ያለፈው ድምፅ አዲሱ ምስል ላይ ሲቀጥል ኤል ከት ይሉታል። ስማቸውን ያገኙት ታይምላይን ላይ ከሚሠሩት የእንግሊዝኛ J እና L ቅርጽ ነው። ድምፅና ምስል እኩል ሲቆረጡ በር የተዘጋ ይመስላል። ሲደራረቡ አንዱ ሌላውን የተቀበለው ይመስላል።

ድምፅና ምስል መቼ እኩል ናቸው የሚለውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ጋ የእኛ ሰፈር ጥሩ አስተማሪ ነው። ሜዳውን ተሻግሮ ፎቅ እየተሠራ ነው። ሠራተኛው መዶሻውን ሲያወርድ ታያለህ፤ «ቃ» የሚለው ድምፅ ቆይቶ ይመጣል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ሠራተኛው 170 ሜትር ከራቀ ድምፁ ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። ስለዚህ ከልጅነታችን ጀምሮ አእምሯችን ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅን ለምዷል። ቀድሞ የሚመጣ ድምፅ ግን በተፈጥሮ የለም። መዶሻው ሳያርፍ «ቃ» ሲል ሰምታችሁ አታውቁም።

ለዚህ ነው ድምፅ ትንሽ ሲቀድም ቶሎ የምንባንነው። ለቴሌቪዥን ሥርጭት የወጣው የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመሪያ እንደሚለው፣ ድምፅ ከምስሉ 45 ሚሊ ሰከንድ ከቀደመ ሰው ያውቀዋል። ከዘገየ ግን እስከ 125 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ላያውቀው ይችላል። በእኛ ፍሬም ስንለካው መቅደሙ አንድ ፍሬም ገደማ፣ መዘግየቱ ሦስት ፍሬም ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ምት ላይ መቁረጥ ስፈልግ ምስሉን ከምቱ አንድ ሁለት ፍሬም አስቀድሜ እለውጠዋለሁ። ሲታይ ልክ ምቱ ላይ የወደቀ ይመስላል። ፍሬሙን ቆጥሬ ልክ ምቱ ላይ ሳስቀምጠው ደግሞ የዘገየ ይመስለኛል።

ስለ ቅኝት አጭር ነገር ልበል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፤ አምስቱ ድምፆች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ከትዝታ ቀጥታ ወደ አምባሰል ሁለት ሙዚቃ ብትቀጥል ፍጥነታቸው እኩል ቢሆን እንኳን ጆሮ ይጎረብጠዋል። የሠርግ ቪዲዮ ላይ ይሄ ስህተት ሞልቷል። መፍትሔው ቀላል ነው። በመሃል የቦታውን ድምፅ አስገባ፤ ዝናብ፣ የሰው ጫጫታ፣ የመኪና ጥሩምባ። ጆሮ ያረፈበት ድምፅ ሲረሳ አዲሱን ይቀበላል። ሙዚቃው አንድ ትዕይንት ላይ እንዲያልቅ ከፈለግህ ደግሞ ከመጨረሻው ጀምር። የዘፈኑን ማረፊያ ድምፅ የትዕይንቱ መጨረሻ ላይ አስቀምጥና ወደ ኋላ ዘርጋው። መሃል ላይ ድምፁን ቀስ አድርጎ ከማጥፋት በጣም ይሻላል። ዘፈኑ ቤቱ ገብቶ ያርፋል።

ሙዚቃ ማወቅ ወጥመድም አለው፤ እኔም ለዓመታት ወድቄበታለሁ። መጀመሪያ የሚያምር ሙዚቃ ታይምላይኑ ላይ እዘረጋና ምስሉን በላዩ እደረድራለሁ። ሁሉም ያምራል። ሙዚቃውን ሳነሳው ግን ከሥሩ ፊልም የለም። ታሪኩን የተሸከመው ዘፈኑ ነበር። አሁን መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ እቆርጣለሁ። ፊልሙ ያለ ሙዚቃ ከቆመ፣ ሙዚቃ ሲመጣ ይጨምርለታል።

ዋልተር መርች የሚባለው ኤዲተር እዚህ ላይ ረድቶኛል። ለአንድ ፊልም በኤዲቲንግም በድምፅም ኦስካር የወሰደ ሰው ነው። ለጥሩ ከት ስድስት መመዘኛ አስቀምጦ መቶኛ ሰጥቷቸዋል። ስሜት 51፣ ታሪክ 23፣ ምት 10፣ የቀሩት ሦስቱ ተደምረው 16። ጆሮው ያደገ ሰው ምትን 10 ማየት ይከብደዋል። እኔንም ከብዶኝ ነበር። ቆይቼ ግን አመንኩበት። ሰውየው ሲያለቅስ ምቱን ስቼ ብቆርጥ ማንም አይከሰኝም። ምቱን ጠብቄ እንባውን ብቆርጥበት ግን ሁሉም ይከሰኛል።

አንድ ሰው እነዚህን ለማወቅ የግድ ስድስት ኪሎ ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት አለበት አልልም፤ ዕድሉን ያገኘ ይግባ። ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መምታትም ሥልጠና ነው። ዋሽንት የነፋ ሰው ትንፋሹ የት እንደሚያልቅ ያውቃል፤ እኔ እንዳየሁት ረጅም ሾት፣ ማለትም ሳይቆረጥ የሚቆይ ምስል፣ የማይፈሩት እነሱ ናቸው። እኛ ከበሮ መቺዎች ደግሞ መቀስ ቶሎ እናነሳለን፤ ራሳችንን መግታት አለብን።

ወደ ልጁ ልመለስ። ያን ዕለት መብራት ስለጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ነበር የሠራነው። መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ ፊልሙን እንዲሰማው አደረግኩ። ቀጥሎ ድምፁን አጥፍቶ ምስሉን ብቻ እያየ፣ መቀየር አለበት ብሎ የሚያስብበት ቦታ ላይ እንዲያጨበጭብ። ሦስት ጊዜ አደረገው። ሦስቱም ጊዜ ያጨበጨበው እሱ ከቆረጠበት ቦታ ሌላ ጋ ነው። እጁ የሚሄደው ጎረቤታችን ትንፋሽ ሲወስዱ፣ ቀና ሲሉ፣ ላባቸውን ሲጠርጉ ነበር።

«ይኸው፣ አንተ ራስህ ታውቀዋለህ» አልኩት።

ከዚያ የጣለውን ምስል እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። «ይሄ ስህተት ነው፣ እዚህ ጋ ቆመውብኛል» ብሎ የተወው አንድ ሾት አለ። ሴትዮዋ ይወቅጣሉ፣ ይወቅጣሉ፣ ድንገት ያቆማሉ። ሙቀጫው ውስጥ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ዝም። ከጀርባ አንድ ባጃጅ ያልፋል። ከዚያ ቀና ብለው ሁለት ጊዜ ብቻ ይወቅጣሉ፤ ዱም፣ ዱም። ሙሉውን፣ አንድም ፍሬም ሳንነካ አስገባነው። ከእሱ በፊት ያሉትን ከቶች ከግማሽ በላይ ቀነስን። ባትሪው አሥር ፐርሰንት ሲደርስ ጨረስን።

በሳምንቱ ቡና ላይ ለጎረቤታችን በስልክ አሳያቸው። ገና ሲጀምር እየሳቁ ነበር። ሙቀጫው ዝም ያለበት ቦታ ሲደርስ እሳቸውም ዝም አሉ፤ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«አዎ» አሉ፣ «ያኔ ገና አልደቀቀም ነበር።»